የቁስቋም ኩበትና የከተማው ዝቃጭ

አያቴ ቁስቋም ላይ፣ ከደብረ ፀሐይ ቤተ ክርስቲያን ዝቅ ብሎ ባለው ግቢያችን፣ ኩበት ሲጠፈጥፉ የማያፈርሱት ሕግ ነበራቸው። ጥቅምት ሳይገባ አይጀምሩም። ውፍረቱን ከመዳፋቸው አያሳልፉም። ሦስት ቀን ሲሞላው እኛን ልጆቹን ጠርተው ያስገለብጡናል፤ ከዚያ የድንጋዩን አጥር አስደግፈን እናቆመዋለን። «ፀሐይ ላዩን ታደርቀዋለች፤ ውስጡን የሚያደርቀው ነፋስ ነው» ይሉን ነበር።

አድጌ ሳኒተሪያን ሆንኩ። የተማርኩት እዚሁ ጎንደር፣ እ.ኤ.አ. በ1954 በተቋቋመውና ለአገሪቱ የመጀመሪያዎቹን ሳኒተሪያኖች ባፈራው የጤና ኮሌጅ ነው። ስለ ፍሳሽ ዝቃጭ ማድረቅ ስማር የአያቴን ሕግ መጽሐፉ ውስጥ አገኘሁት፦ በበጋ ሥራ፣ ስስ አድርገህ ዘርጋ፣ አገላብጥ፣ ነፋስ አስገባ።

ይህን ለመጻፍ የተነሣሁት ጡረታ ከወጣሁ በኋላ የቤታችን የሽንት ቤት ጉድጓድ በመሙላቱ ነው። መጣጭ መኪና አስጠራሁ። ሹፌሩ አቀበቱን ግማሽ ወጥቶ ቆመና «ጋሼ፣ ከዚህ በላይ አይወጣም፤ ክላቹ ይቃጠላል» አለኝ። ቱቦ በቱቦ ላይ ቀጥለን፣ ከጎረቤት ተበድረን፣ እንደምንም አስመጠጥነው። ሲጨርስ «የት ነው የምትደፋው ልጄ?» ብዬ ጠየቅሁት። መሬት መሬት እያየ «እንደ ቀኑ ነው ጋሼ» አለኝ። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ከቁስቋም ቁልቁል ቀሃ አለ። የፋሲል መዋኛ ለጥምቀት ውኃ የሚሳብለት ከዚህ ወንዝ ነው። ቀሃ ከከተማው በታች ከአንገረብ ይገናኛል፣ ወደ መገጭ ይገባል፣ መገጭም ጣና ይደርሳል። እኛ ተራራው ላይ ወደ ገደል የምንደፋው ነገር መንገዱ ይኸው ነው። በመንገዱ ላይ ልብስ የሚያጥቡ እናቶች አሉ፤ ሰላጣና ጎመን የሚያጠጡ ገበሬዎች አሉ።

ታዲያ መኪናው የጫነው ምንድን ነው? ከሞላ ጎደል ውኃ ነው። ከሽንት ቤት የሚመጠጥ ዝቃጭ ብዙ ጊዜ ከመቶ 98 እጁ ውኃ፣ 2 እጁ ብቻ ደረቅ ነገር ነው። 8,000 ሊትር የሚይዝ ቦቴ ሞልቶ ሲሄድ 160 ኪሎ ግራም ያህል ደረቅ ነገር ለማጓጓዝ ወደ 7,840 ሊትር ውኃ ይሸከማል ማለት ነው። አንድ ሜትር ኩብ፣ ማለትም አሥር ኩንታል የሚመዝን ዝቃጭ፣ ውኃው ከመቶ 80 እስኪሆን ቢጠነፈፍ አንድ ኩንታል ብቻ ይቀራል። ግማሽ በግማሽ እስኪሆን ቢደርቅ ደግሞ 40 ኪሎ ይሆናል፤ አንድ ጎልማሳ ተሸክሞት ይሄዳል። ችግሩን የሚያገዝፈው ውኃው ነው። ከውኃው ከተለየ ይቀላል፣ ይቆለላል፣ ይጠበቃል። ካልተለየ ይፈስሳል፣ ይሸታል፣ ወንዝ ይገባል።

የመጀመሪያው ሥራ ማርጋት ነው። እንጀራ የምትጋግር ሴት ሊጡ ሲረጋ ውኃው ከላይ እንደሚንሳፈፍ ታውቃለች፤ ቀስ አድርጋም ትቀዳዋለች። የማርጊያ ገንዳም እንዲሁ ነው፦ ከባዱ ወደ ታች ይወርዳል፣ ቀለል ያለው ውኃ ከላይ ይወጣል፣ የቀረው ወፍራም ዝቃጭ ወደ ማድረቂያ ይሄዳል። ግን ዝቃጭ ሁሉ አንድ አይደለም። ጉድጓድ ውስጥ ዓመታት የቆየው በስሎ ውኃውን ቶሎ ይለቅቃል። ከአውቶቡስ ተራና ከገበያ የሕዝብ ሽንት ቤቶች በየሳምንቱ የሚመጠጠው ግን ገና ጥሬ ስለሆነ ውኃውን አጥብቆ ይይዛል። ስለዚህ ጥሬውን ከቆየው ጋር መቀላቀል ወይም አስቀድሞ ማብላላት ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ሥራ ማጠንፈፍና ማድረቅ ነው። ለዚህ በዓለም ላይ ከሁሉ ቀላሉ መሣሪያ የአሸዋ ማድረቂያ አልጋ ነው። ወለሉ ተዳፋት የሆነ ጥልቀት የሌለው ገንዳ ይሠራል። ከሥር የተበሳሳ ቱቦ፣ በላዩ ሻካራ ጠጠር፣ ከዚያ ደቃቅ ጠጠር፣ ከሁሉ በላይ አሸዋ ይደረጋል። ዝቃጩ ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ይዘረጋበታል። የአንድ ቦቴ ጭነት በ20 ሳንቲ ሜትር ቢዘረጋ 40 ካሬ ሜትር ይሸፍናል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከግማሽ በላይ የሆነው ውኃ በአሸዋው ሾልኮ ይወርዳል። የቀረውን ፀሐይና ነፋስ ይወስዱታል። ላዩ እንደ ዋልካ መሬት መሰንጠቅ ሲጀምር ሥራው እየሄደ ነው። ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ባለው ጊዜ በአካፋ የሚነሣ ይሆናል። በየጊዜው ሲጠረግ ጥቂት አሸዋ አብሮ ስለሚነሣ አሸዋው መተካት አለበት። ይህ ሲረሳ አልጋው ይደፈንና ኩሬ ይሆናል። ከሥር የወጣውም ውኃ ንጹሕ አይደለም፤ ሳይጣራ ወንዝ መግባት የለበትም።

አያቴ በክረምት ኩበት አይጠፈጥፉም ነበር፤ ከተማ ግን ሽንት ቤቱ ሞልቶ ጥቅምትን አይጠብቅም። ከሰኔ እስከ መስከረም ዝናቡ ያጠነፈፍነውን መልሶ ያርሰዋል። መፍትሔው ብርሃን የሚያሳልፍ ጣራ ማልበስና ጎኑን ክፍት መተው ነው፤ ዝናቡ ይከለከላል፣ ነፋሱ ይገባል። ሌላው መንገድ አልጋው ላይ ሸምበቆ መሰል ተክል መትከል ነው። ሥሩ ዝቃጩን እየበሳሳ ውኃውን ያስወርዳል፤ ተክሉም ይጠጣል። እንዲህ ያለው አልጋ ለዓመታት ሳይጠረግ ይደረብበታል። በካሜሩን ተመራማሪዎች ለዚህ ሥራ ደንገልን ሞክረዋል፤ ደንገል ደግሞ የጣና ታንኳ የሚሠራበት ተክላችን ነው።

ማሽንም አለ። አንዱ ዝቃጩን በሁለት ጨርቅ መካከል ይጨምቃል፣ ሌላው እያሽከረከረ ውኃውን ይለያል፣ ሦስተኛው በብሎን ይገፋዋል። አልጋው በሳምንታት የሚሠራውን በሰዓታት ይጨርሳሉ። ነገር ግን መብራት ይፈልጋሉ፣ ዝቃጩን የሚያቋጥር ፖሊመር የተባለ ኬሚካል ከውጭ ይገዛላቸዋል፣ መለዋወጫቸውም በዶላር ነው። ቦታ ለጠበበው ትልቅ ከተማ ያዋጡ ይሆናል። አዲስ አበባ እንኳ፣ ቃሊቲ ላይ በቀን 100,000 ሜትር ኩብ ፍሳሽ እንዲያጣራ የታቀደ ጣቢያ የሠራችው ከተማ፣ በመኪና ለሚመጣው ዝቃጭ ለዓመታት የተደገፈችው በኮተቤና በቃሊቲ ማድረቂያ አልጋዎች ነው። ከጥቅምት እስከ ግንቦት ስምንት ወር ፀሐይ ለሚወጣላት ጎንደር መጀመሪያ የሚገባት አልጋው ነው ብዬ በሙሉ ልቤ አምናለሁ።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ ላስጠንቅቅ። የደረቀ ሁሉ የዳነ አይደለም። የወስፋት እንቁላል ድርቀትን ችሎ ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ይቆያል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጣው መመሪያ፣ የአየሩ ሙቀት ከ20 ዲግሪ በታች በሆነ ቦታ ዝቃጭ ከአንድ ዓመት ተኩል እስከ ሁለት ዓመት ተከማችቶ እንዲቆይ ይመክራል። የእኛም ደጋማ አገር እንዲህ ያለ ነው። ወይም ከገለባና ከጓሮ ቆሻሻ ጋር ተከምሮ ኮምፖስት ይሆናል፤ ክምሩ በራሱ ሲግል፣ ከ50 ዲግሪ በላይ ከአንድ ሳምንት ያላነሰ ሲቆይ፣ እንቁላሉ ይሞታል። ያን ጊዜ ለዛፍ፣ ለሣርና ለእህል ማሳ ማዳበሪያ ይሆናል። አሜሪካ ውስጥ የሚልዋኪ ከተማ የደረቀ ዝቃጯን ከ1926 ጀምራ በከረጢት ለማዳበሪያ ትሸጣለች። ኬንያ ውስጥ ናኩሩ ላይ ከሰል ይሠሩበታል። እኛም ማገዶና ማዳበሪያ የቸገረን ሕዝብ ነን፤ እበቱን ለምድጃ ስንለው ማሳው ይራባል።

የጎንደር ሰው ሆይ፣ ከአንተ የሚጠበቀው ብዙ አይደለም። ሽንት ቤት ስትቆፍር መኪና ወይም ቱቦ የሚደርስበትን ቦታ ምረጥ። ላስቲክ፣ ጨርቅና ጠርሙስ ጉድጓዱ ውስጥ አትጣል፤ ማድረቂያውን የሚደፍነው እርሱ ነው። አስተዳዳሪዎቻችንም መንገድ የሚደርሰውና ከወንዝ የራቀ ቦታ ከልሉ፣ አሸዋና ጠጠሩን አስገቡ፣ የሚጠርገውን ሠራተኛ ጓንትና ቦት ጫማ አልብሱት። መኪናው ደጃፍህ ላይ ሲቆም ደግሞ ገንዘቡን ከመክፈልህ በፊት «የት ነው የምትደፋው?» ብለህ ጠይቅ። መልሱ «ቀሃ» ከሆነ አትክፈል።