የነገሥታት ዝርዝር ሳይሆን የጓዳ ወሬ

ሰሞኑን የእህቴ ልጅ ደወለችልኝ። የማስተርስ ትምህርት ዕድል አግኝታ ወደ እንግሊዝ ልትሄድ ነው። ‹‹ጋሼ፣ አገሩን ሳላውቀው መሄድ ፈራሁ። የታሪክ መጽሐፍ ጠቁመኝ፤ ግን እንቅልፍ የሚያመጣ እንዳይሆን›› አለችኝ።

ሳቅኩ። እውነቷን ነው። እኔም በተማሪነቴ የእንግሊዝን ታሪክ የማውቀው በቁጥር ነበር፤ ሄንሪ 8ኛ፣ ጆርጅ 3ኛ፣ ኤድዋርድ ስንተኛ። ለፈተና ሸመደድኩት፣ ፈተናው ሲያልቅ ረሳሁት። ታሪኩ የጣመኝ ስለ ጓዳና ስለ ጎረቤት የሚያወሩ መጻሕፍት እጄ ሲገቡ ነው። አራቱን መርጬ ላክሁላት፤ ለእናንተም ላካፍላችሁ።

አንደኛው የሳሙኤል ፒፕስ የዕለት ማስታወሻ ነው። ሰውዬው የባሕር ኃይል መሥሪያ ቤት ሹም ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1660 ጀምሮ ለዘጠኝ ዓመታት ያህል ውሎውን በአጭር ጽሕፈት ሲከትብ ኖረ፤ የበላውን፣ ከሚስቱ የተጣላበትን፣ የቀናበትን ሁሉ። በ1666 ለንደን ተቃጥላ ከ13 ሺሕ በላይ ቤቶች መውደማቸውን ማንኛውም የታሪክ መማሪያ ይነግራችኋል። ፒፕስ ግን እሳቱ ሲቃረብ ጉድጓድ አስቆፍሮ ወይኑንና ፓርሜዛን ቺዙን መቅበሩን ያወራችኋል። እሳት ደርሶበት ምን ይዤ ልውጣ ብሎ የተጨነቀ ሰው ሁሉ ፒፕስ ዘመዱ ይሆናል። ሙሉው ብዙ ቅጽ ስለሆነ ተመርጦ ያጠረውን እትም ፈልጉ።

ሁለተኛው እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው የቢል ብራይሰን ‹‹አት ሆም›› ነው። ብራይሰን ትውልዱ አሜሪካዊ ነው። ኖርፎክ በተባለው አውራጃ፣ በ1851 በተሠራ የቀድሞ የቄስ መኖሪያ ውስጥ እየኖረ ቤቱን ክፍል በክፍል ያስጎበኘናል። ገበታ ላይ ከቅመም ሁሉ ጨውና ቁንዶ በርበሬ ብቻ ለምን ይቀመጣሉ? ብሎ ይጠይቅና ሳታውቁት መርከብ አሳፍሮ የቅመም ንግድ ውስጥ ይጨምራችኋል። ወሬው ከመንገድ ይወጣል፤ ደስ የሚለውም እሱ ነው።

ሦስተኛው ልብ ወለድ ነው፤ የጆሴፊን ቴይ ‹‹ዘ ዶውተር ኦፍ ታይም››፣ የ1951 ሥራ። እግሩ ተሰብሮ ሆስፒታል የተኛ መርማሪ ፖሊስ የንጉሥ ሪቻርድ 3ኛን ሥዕል ያይና ‹‹ይህ ሰው እውነት የወንድሙን ልጆች ገድሏል?›› ብሎ አልጋው ላይ ሆኖ ምርመራ ይጀምራል። የታሪክ ምሁራን በመልሱ ዛሬም አይስማሙም። መጽሐፉ ግን ‹‹ይህን ማን ጻፈው? ምን ጥቅም ነበረው?›› ብሎ መጠየቅን ያስተምራል። የንጉሡ አፅም ደግሞ በ2012 ሌስተር ከተማ፣ መኪና ማቆሚያ ሥር ተገኘ። ልብ ወለድ የሚመስለው እንግዲህ ይሄ ነው!

አራተኛውን ለመላክ አመነታሁ። አስደሳች ስጠኝ ነበር ያለችው፤ ይህ ግን ያስለቅሳል። የአንድሪው ሄቨንስ ‹‹ዘ ፕሪንስ ኤንድ ዘ ፕላንደር›› ነው፤ ስለ ልዑል ዓለማየሁ ቴዎድሮስና ከመቅደላ ስለተዘረፈው ቅርስ። ልጁ እ.ኤ.አ. በ1868 በሰባት ዓመቱ ተወሰደ፤ እናቱ መንገድ ላይ ሞተች፤ እሱም በ1879 በ18 ዓመቱ እንግሊዝ ውስጥ አረፈ። የተቀበረው ዊንድሰር ቤተ መንግሥት ነው። አፅሙ ለአገሩ ይብቃ የሚለውን ጥያቄ ቤተ መንግሥቱ በ2023 አልተቀበለውም። እነሱ ቅርሳችን ብለው ከሚያስጎበኙት ውስጥ የኛም እንዳለበት ሳታውቅ ሙዚየም እንድትገባ አልፈለግኩም።

በሳምንቱ ደወለች። ያነበበችው ከመጨረሻው ጀምራ ነው። ‹‹ጋሼ፣ ይህን ለምን አላስቀደምከውም? ያ ቺዝ ቀባሪ ምን ያደርግልኛል?›› አለችኝ፤ ድምጿ ተቆጥቷል።

‹‹መጀመሪያ ሰው መሆናቸውን እንድታውቂ ብዬ ነው›› አልኳት። ‹‹እዚያ ስትሄጂ ዊንድሰርን መጎብኘትሽ አይቀርም። ልጁ ለምን አይመለስም ብለሽ ትጠይቂያለሽ። የሚቀልድ፣ የሚፈራ፣ የሚያፍር ሰው እንደሆነ ያላወቅሽውን ምን ብለሽ ትጠይቂዋለሽ?››

ዝም አለች። ከዚያ፣ ‹‹እሺ፣ ፒፕስንም ልጀምረው›› አለች።