የሰሜን ካሬሊያ ፕሮጀክት

የሰሜን ካሬሊያ ፕሮጀክት (በፊንላንድኛ፦ ፖህዮይስ-ካርያላ ፕሮየክቲ) ከ1972 እስከ 1997 እ.ኤ.አ. በምሥራቅ ፊንላንድ በሩሲያ ድንበር አጠገብ በሚገኘው የሰሜን ካሬሊያ ክፍለ ሀገር የተካሄደ የኅብረተሰብ ጤና ሥራ ነው። ዓላማው የሕዝቡን አኗኗር በመለወጥ የልብ በሽታን አስቀድሞ መከላከል ነበር። ከሐኪሞች ሌላ የሴቶች ማኅበራት፣ ገበሬዎች፣ የምግብ ፋብሪካዎች፣ ትምህርት ቤቶችና ጋዜጦች ስለተባበሩበት በዓለም ዙሪያ እንደ ምሳሌ ይጠቀሳል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መነሻ

ሰሜን ካሬሊያ ሐይቅና ደን የበዛበት፣ የበረዶው ወራት የሚረዝምበት አገር ነው። በ1972 ወደ 180,000 የሚጠጋው ሕዝብ በአብዛኛው በተበታተኑ መንደሮች ይኖር ነበር። ዋነኛ መተዳደሪያው የደን ሥራና የወተት ከብት እርባታ ነበር። ምግቡም ቅቤ፣ ያልተገፋ ወተት፣ የሰባ ሥጋና ብዙ ጨው ሲሆን አትክልት እምብዛም አይበላም ነበር። ከወንዶቹ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ሲጋራ ያጨሱ ነበር።

አሜሪካዊው ተመራማሪ አንሴል ኪይስ የመሩት የሰባት አገሮች ጥናት በልብ በሽታ የሚሞቱ ወንዶች ቁጥር በምሥራቅ ፊንላንድ እጅግ ከፍተኛ መሆኑን አሳየ። በሥራ ዕድሜ ላይ ያሉ አባወራዎች በድንገት መሞታቸው የተለመደ ነገር ሆኖ ነበር። በጥር 1971 የክፍለ ሀገሩ አስተዳዳሪ፣ የፓርላማ አባላትና የልዩ ልዩ ማኅበራት ተወካዮች መንግሥት እርዳታ እንዲያደርግላቸው በፊርማቸው ጠየቁ። ስለዚህ የሥራው ጥያቄ የመጣው ከራሱ ከሕዝቡ ነው።

አሠራር

ሥራውን የመሩት ያን ጊዜ ገና ሠላሳ ዓመት ያልሞላቸው ሐኪም ፔካ ፑስካ ነበሩ። ትኩረቱ በሦስት ነገሮች ላይ ነበር፦ በሲጋራ፣ በደም ውስጥ ባለው ኮሌስትሮልና በደም ግፊት። ሰው ጉዳቱን ስለሰማ ብቻ ልማዱን አይተውም፤ የሚገዛው ምግብና የጎረቤቱ ልማድም አብረው መለወጥ አለባቸው። በዚህም ምክንያት ብዙ አጋሮች ተሳተፉ፦

• ማርታ የተባለው የሴቶች ማኅበር አባላት በየመንደሩ ምግብ እያበሰሉ አሳዩ። የታወቀውን የካሬሊያ ወጥ ሳያስቀሩ ሥጋውንና ጨውን ቀንሰው ካሮትና ሌላ ሥራ ሥር ጨመሩበት።
• በየመንደሩ የተመረጡ ተሰሚነት ያላቸው ሰዎች ሠልጥነው ጎረቤቶቻቸውን መከሩ።
• የወተትና የቋሊማ አምራቾች ስብና ጨው የቀነሱ ምርቶችን ለገበያ አቀረቡ።
• ነርሶች የደም ግፊት ያለባቸውን ሰዎች እየመዘገቡ ተከታተሉ።
• መንደሮች ኮሌስትሮላቸውን በመቀነስ ተወዳደሩ።

ተቃውሞም አልቀረም። የቅቤ ፍጆታ ሲቀንስ የወተት ገበሬዎች ገቢያቸው ተነካ። ለዚህም መልስ ይሆን ዘንድ በ1980ዎቹ በብርዱ አገር በደንብ የሚበቅሉትን ቤሪ የተባሉ ትንንሽ ፍሬዎች ማልማት ተበረታታ። ከጎመንዘር ዘመድ ተክል የሚገኝ የምግብ ዘይትም በአገር ውስጥ እየተመረተ የቅቤን ቦታ መያዝ ጀመረ።

ውጤት

ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በ1977፣ ልምዱ ወደ መላ ፊንላንድ ተስፋፋ። በሰሜን ካሬሊያ ዕድሜያቸው ከ35 እስከ 64 የሆኑ ወንዶች በልብ ደም ሥር በሽታ የሚሞቱበት መጠን ከ1970ዎቹ መጀመሪያ አንስቶ በአርባ ዓመት ውስጥ ከ80 በመቶ በላይ ቀነሰ። ከዚህ ውስጥ ሁለት ሦስተኛ ገደማ የሚሆነው የሦስቱ አደጋ አምጪ ነገሮች መቀነስ ውጤት እንደሆነ ይገመታል፤ የቀረው በአብዛኛው ከተሻሻለ ሕክምና ጋር ይያያዛል።

ይሁን እንጂ ለንጽጽር በተመረጠችው በጎረቤት ክፍለ ሀገር በኩኦፒዮም ሞት በመቀነሱ የፕሮጀክቱን ድርሻ ለይቶ መለካት አስቸጋሪ ነው። ለውጡ ወደ ጎረቤትና ወደ አገሪቱ በመዛመቱ፣ የ1976ቱ የትምባሆ ሕግም በመላ አገሪቱ በመሥራቱ፣ ንጹሕ ማነጻጸሪያ አልቀረም።

ውጤቱ አንድ ጊዜ ተገኝቶ የሚቀመጥ አይደለም። ከ2007 እስከ 2012 ባለው ጊዜ የፊንላንዳውያን ኮሌስትሮል እንደገና ትንሽ ከፍ ብሎ ታይቷል። ጤናማ አኗኗር እንዲዘልቅ ትብብሩም በየትውልዱ መታደስ እንዳለበት ይህ ያመለክታል።