ክሩን የበጠሰው ማን ነው?

ሸማኔ ማጉ ሲበጠስበት ፈታዩን ይወቅሳል። ክሩ ከበግ ጠጉር የተፈተለ ከሆነ ግን ወቀሳው እንዝርቱን አልፎ፣ በጓ ሣር ያጣችበት የበጋ ወር ድረስ መሄድ አለበት።

የመንዝ በግ ሰውነቷ ትንሽ፣ ላቷ ወፍራም፣ ብርድ የለመደች ናት። ከጠጉሯ ባና፣ ዝተትና በርኖስ ይሠራል። ጠጉር ኬራቲን የሚባል ፕሮቲን ነው፤ ሲሠራም ሰልፈር ያለባቸው አሚኖ አሲዶች ይፈልጋል። እነዚህን በብዛት የሚያዘጋጁላት በጨጓራዋ የሚኖሩ ረቂቅ ተሕዋስያን ናቸው። ቀለባቸው የገብስ ጭድ ብቻ ሲሆን እነሱም ይደክማሉ። የሚገርመው ግን ጠጉሩ ማደጉን አለማቆሙ ነው። በጓ እየከሳች እንኳ ከገዛ ሥጋዋ እየቆረሰች ታበቅለዋለች፤ ብቻ ይቀጥናል። ክረምት ገብቶ መስኩ ሲለመልም እንደገና ይወፍራል። ስለዚህ አንዲት ዘለላ ጠጉር የዓመቱን ጥጋብና ረሃብ በርዝመቷ ይዛ ትሸለታለች። ሲባዘትና ሲፈተል የሚበጠሰው ያ የቀጠነው ቦታ ነው።

ረሃቡ እናትየዋን በእርግዝናዋ መጨረሻ ላይ ካገኛት ደግሞ ጉዳቱ ለግልገሉ ይተርፋል። የቆዳው የጠጉር ሥሮች አብዛኞቹ የሚበጁት በማሕፀን ሳለና እንደተወለደ ስለሆነ፣ ያኔ የጎደለውን ኋላ መቀለብ አይሞላውም።

የካሽሚር ፍየል ነገር ትንሽ ይለያል። ካሽሚር ከሸካራው ጠጉር ሥር የሚበቅለው ለስላሳ ልባስ ነው፤ አማካይ ውፍረቱ ከ19 ማይክሮን አይበልጥም። መቼ እንደሚበቅልና መቼ እንደሚረግፍ በዋናነት የሚወስነው የቀኑ መርዘምና ማጠር ስለሆነ፣ ከልክ በላይ መቀለብ ብዙ አይጨምርለትም። ክፉ ረሃብ ግን እሱንም ያሳጥረዋል። የተራበ እንስሳ ጠጉር ቀጭን ነውና ጥሩ መስሎ ለጊዜው ገዢን ሊያታልል ይችላል።

የከሳውን ከወፈረው ለመለየት ዓይን አይበቃም፤ ጠጉሩ ይሸፍናል። ባለሙያ ወገቧን፣ ከመጨረሻው የጎድን አጥንት ኋላ፣ በጣቶቹ ዳስሶ ከ1 እስከ 5 ነጥብ ይሰጣል። አጥንቱ እንደ መጋዝ ጥርስ ከቆረቆረው 1 ነው፤ ስብ ውጦት ካልተገኘ 5።

በደብረ ብርሃንና በአመድ ጉያ የመንግሥት ማባዣ ጣቢያዎች የመንዝን በግ ሰውነቱ ትልቅ ከሆነው ከአዋሲ ዝርያ ጋር አዳቅለዋል። መልካም ሐሳብ ነበር፤ ሆኖም የተዳቀለውም ቢሆን ያው ጭድ ነው የሚጠብቀው፤ ትልቅ ሰውነት ደግሞ ብዙ ይበላል።

ጠጉር የሚገዛ ሰው ከመክፈሉ በፊት አንድ ዘለላ በሁለት እጁ ጫፍና ጫፍ ይዞ ድንገት ይወጥር። ደህናው ይጠብቃል። በጓ የተራበችበት ከሆነ መሃሉ ላይ ቀጭ ይላል።