«ኢንተረስት» ሁሉ ወለድ አይደለም፤ ወለድም ሁሌ «ኢንተረስት» ተብሎ አይጻፍም



«ኢንተረስት» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል በሥራ ማመልከቻ፣ በፍርድ ቤት ወረቀትና በባንክ ውል ላይ እናገኘዋለን። በሦስቱም ቦታ ግን ትርጉሙ ይለያያል። ለእኛ ለሙስሊሞች ጉዳዩ የቋንቋ ብቻ አይደለም። የምንፈርመው ውል ሪባ አለበት ወይስ የለበትም የሚለውን ለማወቅ ቃሉን መለየት ያስፈልጋል። ስለዚህ ትርጉሞቹን አንድ በአንድ እንመልከት።

አንደኛ፦ ፍላጎትና ዝንባሌ

በተራ ንግግር «ኢንተረስት» ማለት ፍላጎት፣ ዝንባሌ ወይም የማወቅ ጉጉት ነው። በዚህ ትርጉሙ «ከሪዮሲቲ» እና «ሆቢ» ይቀርቡታል። «ኢንተረስትድ ነኝ» ስንል ፍላጎት አለኝ ማለታችን ሲሆን «ኢንተረስቲንግ ነኝ» ካልን ግን «እኔ ሳቢ ሰው ነኝ» ብለናል። ለሥራ ቃለ መጠይቅ የምትዘጋጁ ይህችን ልዩነት ያዙ።

ሁለተኛ፦ ጥቅም

በሕግና በአስተዳደር ቋንቋ ቃሉ ጥቅም ማለት ነው፤ «ቤኔፊት» እና «አድቫንቴጅ» ይቀርቡታል። «ኮንፍሊክት ኦፍ ኢንተረስት» የጥቅም ግጭት ነው። በውጭ አገር የልጅ አሳዳጊነት ክርክር ውስጥ የገባ ወላጅ ደጋግሞ የሚሰማው «ቤስት ኢንተረስት ኦፍ ዘ ቻይልድ» የልጁን ጥቅምና ደህንነት ማስቀደም ማለት ነው። ልጁ የሚፈልገውን ሁሉ መፈጸም ማለት አይደለም።

ከዚሁ የሚወጡ ሁለት ቃላትም ይምታታሉ። «ዲስኢንተረስትድ» የግል ጥቅም የሌለው፣ ገለልተኛ ማለት ነው። «አንኢንተረስትድ» ደግሞ ጉዳዩ ግድ የማይሰጠው ነው። ዳኛ የመጀመሪያውን መሆን አለበት፤ ሁለተኛውን ከሆነ ግን ባለጉዳዩ ተጎዳ።

ሦስተኛ፦ የባለቤትነት ድርሻ

«በድርጅቱ ውስጥ 20 በመቶ ኢንተረስት አለው» የሚል ጽሑፍ ያነበበ ሰው 20 በመቶ ወለድ ይበላል ብሎ ሊደነግጥ ይችላል። እዚህ ላይ ግን ቃሉ ድርሻ ማለት ነው፤ «ሼር» እና «ስቴክ» ተመሳሳዮቹ ናቸው። ድርሻ ያለው ሰው ትርፍም ኪሳራም ይካፈላል። ይህ በራሱ ሪባ አይደለም።

አራተኛ፦ ወለድ

በብድርና በቁጠባ ላይ ሲመጣ «ኢንተረስት» ወለድ ነው። የቃሉ ታሪክ ራሱ ትምህርት አለው። መነሻው «በመካከል መሆን» የሚል ትርጉም ያለው የላቲን ቃል ነው። በመካከለኛው ዘመን አውሮፓ ቤተ ክርስቲያን በብድር ላይ ጭማሪ መቀበልን ትከለክል ነበር። የተከለከለው ጭማሪ በእንግሊዝኛ «ዩዠሪ» ይባላል። ለአበዳሪው ጉዳት የሚከፈል ካሳ ግን በሌላ ስም፣ ዛሬ «ኢንተረስት» በምንለው ቃል መነሻ ይጠራና ይፈቀድ ነበር። በ1545 እ.ኤ.አ. የእንግሊዙ ንጉሥ ሄንሪ 8ኛ ሕግ እስከ 10 በመቶ ወለድ ፈቀደ። ቀስ በቀስም «ዩዠሪ» ከልክ ያለፈ ወለድ ብቻ ሆኖ ቀረ።

በአማርኛም ተመሳሳይ ነገር አለ። የግለሰብ አበዳሪውን ከባድ ጭማሪ «አራጣ»፣ የባንኩን «ወለድ» እንላለን። አንዱ ያስነውራል፣ ሌላው እንደ ተራ ነገር ይታያል።

ይህ ልዩነት የቁርኣን ትርጉም ስናነብም ይገጥመናል። ፒክታልና ዩሱፍ ዐሊ በእንግሊዝኛ ትርጉሞቻቸው ሪባን «ዩዠሪ» ብለውታል። የሰሒሕ ኢንተርናሽናል ትርጉም ደግሞ «ኢንተረስት» ይለዋል። የዛሬ አንባቢ የመጀመሪያውን ሲያይ «የተከለከለው ከባዱ ወለድ ብቻ ነው» ሊል ይችላል። ነገር ግን ሱረቱል በቀራ 279 ተውባ ላደረገ ሰው የሚፈቅድለት ዋናውን ገንዘብ ብቻ ነው። ዓለም አቀፉ የፊቅህ አካዳሚም በ1985 እ.ኤ.አ. የባንክ ወለድ ሪባ መሆኑን ወስኗል።

ስሙን ሲቀይር

ወለድ ሁልጊዜ በስሙ አይመጣም። በአሜሪካ የብድር ወረቀት ላይ «ፋይናንስ ቻርጅ» የሚለው ወለድንም ሌሎች ክፍያዎችንም ያጠቃልላል። የቤት ዕቃ መደብሮች «በ12 ወር ውስጥ ሙሉ በሙሉ ከተከፈለ ወለድ የለም» ብለው ሲያስተዋውቁም ማስተዋል ያስፈልጋል። በብዙዎቹ እንዲህ ባሉ ውሎች ወለዱ የቀረ ሳይሆን የዘገየ ነው። በ1,200 ዶላር የተገዛ ማቀዝቀዣ ቀነ ገደቡ ሲደርስ 50 ዶላር ቢቀረው፣ ወለዱ የሚታሰበው በ50 ዶላሩ ላይ ብቻ ሳይሆን ከተገዛበት ቀን ጀምሮ በነበረው ዕዳ ላይ ነው።

በዐረብ አገራት ያላችሁ ወገኖቻችን ደግሞ «ፋኢዳ» የሚለውን ቃል ታውቁታላችሁ። በንግግር ጥቅም ማለት ሲሆን በባንክ ወረቀት ላይ ግን ወለድ ነው።

በተቃራኒው፣ በከወለድ ነፃ ባንኮች ውል ላይ «ፕሮፊት» ወይም ትርፍ የሚል ቃል ይገኛል። በሙራበሓ ባንኩ ዕቃውን ራሱ ገዝቶ፣ ትርፉን ገልጾ ይሸጥላችኋል። አላህ መሸጥን ፈቅዶ ሪባን ከልክሏልና ልዩነቱ መሠረታዊ ነው። ሆኖም ባንኩ ዕቃውን በትክክል ሳይገዛ ገንዘብ ብቻ ሰጥቶ ጭማሪ ከተቀበለ፣ ስሙ ብቻውን ሐላል አያደርገውም።

ከመፈረማችን በፊት

ቃሉ ምንም ይሁን ምን ሦስት ጥያቄዎችን እንጠይቅ። የተሰጠኝ ገንዘብ ነው ወይስ ዕቃ? ከወሰድኩት ገንዘብ በላይ እንድመልስ ተዋውያለሁ? ብዘገይ ዕዳዬ ይጨምራል? በተለይ ሦስተኛው ይዘነጋል። ዕቃን በዱቤ ከእጅ በእጅ ዋጋው አስበልጦ መሸጥ በብዙኃኑ ዑለማ ዘንድ የተፈቀደ ነው። ዋጋው ከተቆረጠ በኋላ ስለዘገየ ብሎ ዕዳውን መጨመር ግን ወደ ሪባ ይገባል።

መልሱ ካልጠራችሁ ውሉን ቋንቋውን ለሚያውቅ ሰው አስነብቡ፤ ብይኑን ደግሞ ዓሊም ጠይቁ። አንድ ቀን ዘግይቶ መፈረም ለዓመታት ከሚከፈል ዕዳ ይሻላል።

ወላሁ አዕለም።