የተማረ ሠራተኛን ስለ ማቆየት፤ ከዩኒቨርሲቲዎች የሚገኝ ትምህርት

ሒሳብ የሚያውቅ፣ ደንበኛ የሚያስተናግድ ወይም የጉምሩክ ወረቀት የሚያስፈጽም ሠራተኛ ሥራውን አጥርቶ ባወቀ ማግስት ወደ ሌላ ንግድ ቤት ሄዶበት ያላዘነ አሠሪ በአባሎቻችን መካከል ጥቂት ነው። የሄደው ሰው የሚወስደው ጉልበቱን ብቻ አይደለም፤ የደንበኛውን ጠባይ፣ ከውጭ አገር ላኪዎች ጋር የሚጻጻፉበትን ልማድ፣ ዕቃ በመንገድ የሚዘገይበትንም ምክንያት አብሮ ይዞ ይሄዳል።

ይህ ችግር ከማንም ይበልጥ የሚጎዳው ዩኒቨርሲቲን ነው። ነጋዴ ሠራተኛው ቢሄድበት በመጋዘኑ ያለው ዕቃ ይቀርለታል፤ የዩኒቨርሲቲ ሀብት ግን በመምህራኑ ራስ ውስጥ ያለው ዕውቀት ስለ ሆነ፣ መምህሩ ሲሄድ ሀብቱም በእግሩ ይሄዳል። ስለዚህ ዩኒቨርሲቲዎች ሰው የሚያቆዩበትን ዘዴ ከመቶ ዓመት በላይ ሲፈልጉ ኖረዋል። ያገኙትን መመርመር ለነጋዴም የሚጠቅም ነው።

በአሜሪካ በብረት ሥራ የከበረው አንድሩ ካርኔጊ እ.ኤ.አ. በ1890 የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የቦርድ አባል በሆነ ጊዜ፣ የፕሮፌሰሮቹ ደመወዝ በራሱ ኩባንያ ካሉት ጸሐፊዎች ከአንዳንዶቹ ደመወዝ እንኳ ያነሰ መሆኑን አይቶ እጅግ መደንገጡን ጽፎአል። (እኛ ጸሐፊዎች ይህን ስናነብ ፈገግ ማለታችን አይቀርም።) በእንዲህ ያለ ደመወዝ ለእርጅና ማስቀመጥ የማይሞከር ስለ ሆነ፣ እ.ኤ.አ. በ1905 10 ሚሊዮን ዶላር ሰጥቶ ፕሮፌሰሮች ከራሳቸው ሳያዋጡ ጡረታ የሚያገኙበትን ድርጅት አቋቋመ። ገንዘቡ ብዙ ቢመስልም ለሚመጡት ጡረተኞች ሁሉ እንደማይበቃ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ታወቀ። በዚህም የተነሣ እ.ኤ.አ. በ1918 የመምህራን የኢንሹራንስና የጡረታ ማኅበር ተቋቋመ። በዚህኛው መምህሩም ዩኒቨርሲቲውም ያዋጣሉ፤ የተጠራቀመውም የመምህሩ የራሱ ነውና ወደ ሌላ ዩኒቨርሲቲ ቢዛወር አይቀርበትም።

እዚህ ላይ አንባቢ፣ «ገንዘቡን ይዞ እንዲሄድ ከተፈቀደለት ታዲያ ምን ይይዘዋል?» ብሎ መጠየቁ ተገቢ ነው። የሚይዘው ሌላ ነገር መሆን አለበት። ሐርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ1880 አንድ የሳንስክሪት ቋንቋ ሊቅ ከጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ለመሳብ ሲደራደር፣ በየሰባተኛው ዓመት በግማሽ ደመወዝ የዕረፍትና የምርምር ዓመት እንደሚሰጠው ቃል ገባለት። ይህ ልማድ ከዚያ በኋላ ወደ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ተዛምቶአል። የዘዴው ብልሃት፣ ስጦታው ለሁሉ ክፍት ሆኖ ሳለ ቆይቶ ላገለገለ ሰው ብቻ የሚደርስ መሆኑ ነው። የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰሮች ማኅበርም እ.ኤ.አ. በ1940 ከኮሌጆች ማኅበር ጋር ባወጣው መግለጫ፣ የሙከራው ዘመን ከሰባት ዓመት እንዳይበልጥ፣ ከዚያም በኋላ መምህሩ ያለ በቂ ምክንያት ወይም ያለ ከባድ የገንዘብ ችግር እንዳይሰናበት ደነገገ። ዋናው ዓላማ የማስተማርን ነጻነት መጠበቅ ቢሆንም፣ መግለጫው የኑሮ ዋስትና ብቁ ሰዎችን ወደ ሙያው እንደሚስብ አልዘነጋም። ይህ ዘዴ ለአሠሪው ውድ ነው፤ ዛሬም ከአሜሪካ መምህራን የሚበዙት ይህን መብት አያገኙም።

ጉዳዩን በሚገባ የለዩት ግን ጆን ማየርና ናታሊ አለን የተባሉ የካናዳ ምሁራን ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1991 ባወጡት ጽሑፍ ሰውን ከመሥሪያ ቤቱ ጋር የሚያስተሳስሩትን ነገሮች በሦስት ከፈሉ፤ አንዱ ሥራውንና ቤቱን መውደድ፣ ሁለተኛው ቢሄድ የሚቀርበትን ጥቅም መፍራት፣ ሦስተኛው ውለታ አለብኝ ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ የተደረጉት ጥናቶች እንደሚያሳዩት፣ ወዶ የሚቆይ ሰው ሥራውን አሳምሮ ይሠራል፤ የሚቀርበትን ፈርቶ ብቻ የሚቆየው ግን በወንበሩ ላይ ይቀመጣል እንጂ ከዚያ አልፎ የሚጨምረው ጥቅም እምብዛም ነው።

በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች አንድ መምህር ለከፍተኛ ትምህርት ሲላክ ተመልሶ የሚያገለግልበትን ዘመን በውል ይፈርማል፤ ዋስም ይጠራል። የሕዝብ ገንዘብ የወጣበት ስለ ሆነ ውሉ አስፈላጊ ነው። ሆኖም ሳይመለስ የቀረው ሰው ዕዳ በዋሱ ላይ ሲወድቅ ገንዘቡ ቢመለስ እንኳ መምህሩ አይመለስም። እኛም በንግድ ቤት ለገንዘብ ያዥና ለመጋዘን ጠባቂ ዋስ እንጠራለን፤ ያ ዋስ ለጎደለው ዕቃ መልስ ይሰጣል፤ ለልብ ግን ዋስ አይገኝም።

ታዲያ ሱቅ ያለው ሰው ከዚህ ምን ሊወስድ ይችላል? የሕጉ መሠረት ከሞላ ጎደል ተጥሎለታል። በ2003 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ በተጀመረው የግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ ሠራተኛው ከደመወዙ ከመቶ 7፣ አሠሪው ከመቶ 11 ያዋጣሉ፤ የአገልግሎቱም ዘመን ሠራተኛው አሠሪ ቢለውጥ ይቆጠርለታል። ከሠራተኛው 7ቱን ቆርጦ በጊዜው ገቢ የማያደርግ ነጋዴ ግን በዚህ ጥቅም ፈንታ ቂም ያተርፋል። በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረትም የመጀመሪያው ዓመት ፈቃድ 16 የሥራ ቀን ሲሆን፣ በየሁለት ተጨማሪ ዓመት አንድ ቀን ይጨመርበታል። ይህ ትንሽ ነው፤ ነገር ግን ከቆይታ ጋር የሚያድግ ጥቅም ነውና አሠሪው በፈቃዱ ሊያሰፋው ይችላል። አራት ዓመት ላገለገለ የሒሳብ ሠራተኛ የማታ ትምህርቱን ግማሽ ክፍያ መሸፈን፣ በፈተና ጊዜም ፈቃድ መስጠት፣ ሌላ አዲስ ሰው ቀጥሮ እስኪለምድ ከሚጠፋው ጊዜና ከሚበላሸው ወረቀት ጋር ቢመዛዘን ከባድ ወጪ አይመስለኝም።

በእጄ ካለፉት የቅጥር ውሎች አብዛኞቹ ሠራተኛው ቢያጠፋ የሚደርስበትን በሰባትና በስምንት ቁጥር ይዘረዝራሉ፤ አምስት ዓመት ቢቆይ የሚያገኘውን የሚናገሩት ግን ከስንት አንድ ናቸው። ይህን የሚገልጽ አንቀጽ በውሉ ለመጨመር የሚፈልጉ አባሎች፣ ሊፈጽሙት የሚችሉትን ብቻ በቁጥርና በዘመን ወስነው ቢያስገቡት፣ ሁለቱም ወገን ቢፈርሙበትና አንዱ ቅጂ በሠራተኛው እጅ ቢቀር ይበቃል።