የጨው መንገድ ስንቅ

ከአዳማ ወደ አዲስ አበባ የሚገቡት የጭነት መኪናዎች ገላንን አቋርጠው ሲያልፉ ከሚጭኑት ዕቃ አንዱ ጨው ነው። ዛሬ የአገራችን የምግብ ጨው አብዛኛው የሚመረተው በአፋር ክልል በአፍዴራ ሐይቅ አካባቢ ሲሆን፣ የቤት እመቤቷም ከሱቅ በከረጢት ገዝታ ወደ ጓዳዋ ታስገባዋለች። ይሁን እንጂ ጨው ለብዙ መቶ ዓመታት ወደ ደጋው የወጣው በግመል ጀርባና በሰው እግር ነበር። ፖርቱጋላዊው ቄስ አልቫሬዝ በ16ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ ወደ አገራችን በመጣ ጊዜ፣ አሞሌ ጨው እንደ ገንዘብ ሲመነዘር አይቶ ጽፏል።

ይህ አሞሌ የሚቆረጠው በሰሜን አፋር፣ ከባሕር ወለል ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ በሚገኘው የጨው ሜዳ ላይ ነው። በዚያው አካባቢ በዳሎል እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1966 በተደረገው ልኬት የዓመቱ አማካይ ሙቀት 34.6 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሆኖ ተመዝግቧል። ሰው በኖረባቸው ሥፍራዎች ሁሉ ከተመዘገቡት ከፍተኛው ይኸው ነው።

ነጋዴው ከትግራይ ደጋ ተነሥቶ በራህሌ ከደረሰ በኋላ ወደ ሐመድ ኤላ የሚወርደው የሳባን ወንዝ ተከትሎ ነው። መንገዱ ግራና ቀኙ ገደል የሆነ፣ በአንዳንድ ሥፍራ እጅግ የሚጠብ ሸለቆ ነው። ይህ ክፍል ብቻ በእግር ሁለት ቀን ያህል ይፈጃል። ከደጋው ገበያ ተነሥቶ ለመመለስ ደግሞ ከሳምንት በላይ ያስፈልጋል። ግመሎቹ አንዱ ከሌላው ኋላ በገመድ ተያይዘው ይጓዛሉ፤ ሰዎቹም ከጎናቸው ይራመዳሉ። እጅግ በሚያቃጥለው ወራት ጉዞው ይቆማል።

ለመሆኑ በእንዲህ ያለ መንገድ ሰው ምን በልቶ፣ ምን ጠጥቶ ይመለሳል? በበረሃው መካከል ሱቅ የለም፤ የጎደለ ነገር ቢኖር የሚያበድር ጎረቤትም የለም። ስለዚህ የመንገደኛው ደኅንነት አስቀድሞ የሚወሰነው በቤቱ ነው። እህሉን ለቅማ፣ ቆልታ፣ ፈጭታ፣ የቀኑን ብዛት ቆጥራ ስንቁን የምትቋጥረው ሚስት ወይም እናት ናት። ጥቂት ካሳነሰች ሰውየው ይራባል፤ አብዝታ ከቋጠረች ደግሞ በቤት ለቀሩት ልጆች ይጎድላል። ስለ ጨው ንግድ ሲወራ ግመሉና ነጋዴው ሲነሡ፣ ይህ የሴቶች ድካም ግን ብዙ ጊዜ ሳይነሣ ይቀራል።

መንገደኛው ዱቄቱን በመንገድ ላይ አቡክቶ፣ በእሳት የጋለ ድንጋይ በሊጡ መካከል ከትቶ፣ በፍም ላይ ብርኩታ ይጋግራል። ብረት ምጣድ መሸከም አያስፈልገውም። ለግመሎቹም ገለባ ጭኖ ይወርድና ከፊሉን በየማደሪያው አስቀምጦ ያልፋል፤ ሲመለስ ጀርባቸው ጨው ስለሚሸከም የመመለሻውን ቀለብ አስቀድሞ ያኖራል። በቆላው በኩል ደግሞ የአፋር ሴቶች ውሃ በፍየል ቆዳ እየቀዱ፣ ሰሌን እየሠሩ፣ ተነቃይ ቤታቸውን በገዛ እጃቸው እየተከሉና እየነቀሉ በዚያ ሐሩር ቤተሰብ ያስተዳድራሉ።

በቅርብ ዓመታት አስፋልት መንገድ ተሠርቶ መኪና ጨው ማመላለስ ከጀመረ ወዲህ በሸለቆው የሚያልፈው ግመል ቀንሷል። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. የተካሄደው ጦርነትም የአካባቢውን ሰው ኑሮና ንግድ ጎድቷል። የጉዞው ጥበብ ግን ዛሬም ያገለግላል። ከአዲስ አበባና ከዙሪያዋ ከተሞች ወጣቶች ሻንጣ በጀርባቸው አዝለው ወደ ሸለቆና ወደ ተራራ በእግር መጓዝን እየለመዱ ነው። ለእነርሱና ለሚሸኟቸው እናቶች የሚከተለው ቢታወቅ ይጠቅማል።

ስንቁ ቀላል፣ የማይበላሽና ኃይል የሚሰጥ ይሁን። በገላን፣ በሰበታም ሆነ በሱሉልታ እናቶች የሚያዘጋጁት ጭኮ፣ እንዲሁም በሶ፣ ቆሎና ዳቦ ቆሎ ለዚህ የተመቹ ናቸው። ከቀኑ ቁጥር በላይ የአንድ ቀን ትርፍ መያዝ ያስፈልጋል።

በሙቀት የሚራመድ አዋቂ ሰው በሰዓት ከግማሽ እስከ አንድ ሊትር ውሃ ሊያስፈልገው ይችላል። ስለዚህ ጉዞው በማለዳና ወደ ማታ ይሁን፤ ቀትር ላይ ጥላ ይፈለግ። ተቅማጥ ለያዘው መንገደኛ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ 6 ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጦ ቀስ በቀስ ማጠጣት ነው። ጨው ከዚህ ልክ ማለፍ የለበትም።

በሙቀት ብዛት የተዘባረቀ ወይም ገላው እንደ እሳት የጋለ ሰው ፈጥኖ ወደ ጥላ ይወሰድ፤ ልብሱን አላልቶ ገላውን በውሃ እያራሱ ማራገብና ወደ ሕክምና ማድረስ ይገባል። ራሱን ለሳተ ሰው ውሃ በአፍ አይሰጥም።

በደረቅ ወንዝ ውስጥ ማደር ክልክል ነው። በሸለቆው ላይ ሰማዩ ጠርቶ እያለ በሩቁ ደጋ የዘነበ ዝናብ በድንገት ጎርፍ ሆኖ ይወርዳልና።

በመጨረሻም፣ ልጅዎ ወንድም ሆነ ሴት ለእንዲህ ያለ ጉዞ ሲነሣ በየት በኩል እንደሚሄድ፣ ከማን ጋር እንደሆነና በስንተኛው ቀን እንደሚመለስ ጠይቀው በወረቀት ይጻፉ። ስንቁንም ልጁ ራሱ፣ ከእናቱ ጎን ቁጭ ብሎ፣ ቆጥሮ ይቋጥር።