ወደ ሰሜኑ ጫካ፦ ባልና ሚስት ጎን ለጎን የሚራመዱባቸው ስፍራዎች

በሚኒሶታ የሚኖሩ የብዙ ወገኖቻችን ትዳር የሚመራው በፈረቃ ነው። ባል ከሌሊት ሥራ ሲገባ ሚስት ለጠዋቱ ሥራ ትወጣለች። የሚገናኙት በር ላይ ሲሆን ወሬያቸውም የልጆች ትምህርት ቤት፣ የቤት ኪራይና አገር ቤት የሚላክ ገንዘብ ነው። እሑድ ሲደርስ ደግሞ አንዱ በመዘምራን፣ ሌላው በልጆች አገልግሎት ስለሚሰለፍ አምልኮውም ቢሆን ጎን ለጎን አያስቀምጣቸውም። እንዲህ ያለው ትዳር በአንድ ቀን ጠብ አይፈርስም። ውሃ እንደ ተነፈገ ተክል ቀስ እያለ ይደርቃል እንጂ።

ከባለቤቴ ጋር ሆነን ባለትዳሮችን ስናማክር ደጋግመን የምንጠይቀው አንድ ጥያቄ አለ፦ “ስልክ ሳይጠራ፣ ልጅ ሳያቋርጥ ሁለት ሰዓት ያህል የተጫወታችሁት መቼ ነው?” ብዙዎቹ እርስ በርስ ይተያዩና ዝም ይላሉ። አንዳንዶቹም “ከሠርጋችን ሰሞን ወዲህ ትዝ አይለንም” ይላሉ።

ጌታ ኢየሱስ ደቀ መዛሙርቱ ለመብላት እንኳ ጊዜ እስኪያጡ ድረስ በአገልግሎት በተጣደፉበት ወቅት ሰው ወደሌለበት ስፍራ ወስዶ ሊያሳርፋቸው እንደ ፈለገ በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 6 ተጽፎልናል። ዕረፍት ስንፍና ቢሆን ኖሮ ይህን ባላደረገ ነበር። በመሆኑም በዚህ ጽሑፍ ከመንትዮቹ ከተሞች ከሚኒያፖሊስና ከሴንት ፖል በመኪና ተነሥቶ የሚደረስባቸውን የሰሜን ሚኒሶታ ጫካዎች፣ ፏፏቴዎችና መናፈሻዎች ላስተዋውቃችሁ እወዳለሁ።

“ጫካ ሄደን ምን እንሠራለን?”

ይህን ጥያቄ የሚያነሱ ጥቂቶች አይደሉም። እኛ ስናድግ ጫካ እንጨት የሚለቀምበት፣ ጅብ የሚያድርበት ስፍራ እንጂ ሰው ለመዝናናት ብሎ የሚሄድበት አልነበረም። ነገር ግን ከመካከላችን ስንቶቻችን ነን ወደ ትምህርት ቤት፣ ወደ ገበያ፣ ወደ ወንዝ በእግራችን እየተመላለስን ያደግነው? ያን ጊዜ ከእኩዮቻችን ጋር የልባችንን የምንጫወተው መንገድ ላይ ነበር። ባልና ሚስት ጠረጴዛ ዙሪያ ፊት ለፊት ተቀምጠው “እንነጋገር” ሲባባሉ ነገሩ ሸንጎ ይመስላል፤ አንዱ ከሳሽ፣ ሌላው ተከሳሽ ይሆናል። ጎን ለጎን ሲራመዱ ግን ዓይን በመንገዱ ላይ ስለሚሆን አንደበት ይፈታል። መካከል ላይ ዝም ቢባልም ዝምታው አይከብድም።

የሰሜኑ ዳርቻ

ከመንትዮቹ ከተሞች በሀይዌይ 35 ወደ ሰሜን ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ሲነዳ ዱሉዝ ከተማ ይደረሳል። ከኮረብታው ወደ ታች ሲወረድ ድንገት ከፊት የሚዘረጋው ውሃ ባሕር ቢመስልም ሐይቅ ነው። ሱፒሪየር ሐይቅ በስፋቱ ከዓለም ጨው አልባ ሐይቆች ሁሉ የሚበልጥ ሲሆን 82,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ያህል ይሸፍናል። የእኛን ጣና ከሃያ ጊዜ በላይ ያጥፈዋል ማለት ነው። የጥልቀቱ መጨረሻ 406 ሜትር ነው። የአካባቢው ጥንታዊ ነዋሪዎች የሆኑት ኦጂብዌዎች “ጊቺጋሚ” ይሉታል፤ ታላቅ ባሕር እንደ ማለት ነው። ከዱሉዝ ጀምሮ ሀይዌይ 61 ሐይቁን በቀኝ፣ ጫካውን በግራ አድርጎ እስከ ካናዳ ድንበር ይዘልቃል። ዋና ዋናዎቹ ማረፊያዎች እነሆ፦

ጉስቤሪ ፏፏቴ። ቱ ሃርበርስ የምትባለው ከተማ ካለፈች በኋላ 13 ማይል ያህል ርቆ ይገኛል። ከእንግዳ መቀበያው ወደ ፏፏቴዎቹ የሚወስደው መንገድ አጭርና የተደላደለ ስለሆነ ለጀማሪዎች፣ ሕፃናት ለያዙ ወላጆችና ለመጎብኘት ለመጡ እናቶቻችንም ይመቻል። በግቢው ያሉት የድንጋይ ሕንፃዎች እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ታላቁ የኢኮኖሚ ውድቀት ሥራ ያሳጣቸው ወጣቶች በመንግሥት ፕሮግራም ታቅፈው የሠሯቸው ናቸው። በችግር ዘመን የተሠራ ነገር ከዘጠና ዓመት በኋላ ሰው ሲያሳርፍ ማየት በራሱ ትምህርት አለው።

ስፕሊት ሮክ የመብራት ማማ። እ.ኤ.አ. በኅዳር ወር 1905 የተነሣ ማዕበል ብዙ መርከቦችን ከሰባበረ በኋላ በ1910 በገደል አናት ላይ የተሠራ ነው። እስከ 1969 ድረስ መርከበኞችን መርቷል። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 10 ቀን 1975 ኤድመንድ ፊትዝጀራልድ የተባለችው መርከብ 29 ሠራተኞቿን እንደ ያዘች በዚህ ሐይቅ ሰጥማለች፤ በየዓመቱ በዚያ ቀን ስማቸው አንድ በአንድ እየተጠራ ደወል ይደወላል፤ ማማውም ይበራል። ከታች ከጠጠራማው ዳርቻ ሆኖ ማማውን ሽቅብ ማየት ለፎቶ ብቻ ሳይሆን ለማሰላሰልም ይሆናል። ማማው የራሱ መግቢያ ክፍያ እንዳለው ልብ በሉ።

ቴተጉሽ። በዚህ መናፈሻ የሚያልፈው ወንዝ ስሙ “ባፕቲዝም”፣ ማለትም “ጥምቀት” ነው። ፏፏቴው ሙሉ በሙሉ በሚኒሶታ ክልል ውስጥ ካሉት ሁሉ ረጅሙ ነው። መንገዱ ደረጃና ዳገት ስላለው ጉልበት ይጠይቃል። ሾቨል ፖይንት በተባለው ሹል ገደል ላይ ቆሞ ወደ ሐይቁ ማየት ግን ድካሙን ያስረሳል። እዚያ አጠገብ ብዙ ሰው ፎቶ ይነሣበት የነበረ የድንጋይ ቅስት እ.ኤ.አ. በ2010 ተደርምሷል። ድንጋይ እንኳ ውሃና በረዶ ሳያቋርጡ ሲመቱት ይለቃል፤ ለትዳር ጠባቂዎችም ይህ የማስጠንቀቂያ ደወል ነው።

ቴምፐራንስ ወንዝ። ወንዙ ጠባብና ጥልቅ ቋጥኝ ሰንጥቆ እየጮኸ ይወርዳል። ስሙ “ከመጠጥ መታቀብ” ማለት ሲሆን የወጣው በቀልድ ነው። በእንግሊዝኛ የወንዝ አፍ ላይ የሚከማች የአሸዋ ክምርና መጠጥ ቤት አንድ ስም አላቸው። ይህ ወንዝ በአፉ ላይ ያ ክምር ስለሌለው “መጠጥ ቤት የሌለው” ተብሎ ተሰየመ ይባላል። ለእኛ አማኞች ስሙ ተስማሚ ሆኖ አግኝተነዋል!

ግራንድ ፖርቴጅ። በሀይዌይ 61 መጨረሻ ካናዳ ድንበር ላይ ይገኛል። ፏፏቴው 37 ሜትር ያህል ይወረወራል፤ መንገዱም ግማሽ ማይል ብቻ ነው። ከወንዙ ማዶ ያለው ካናዳ ስለሆነ የመኖሪያ ወረቀታችሁን መያዝ አትርሱ።

አባት ወንዝ በእግር የሚሻገርበት ስፍራ

ወደ ሰሜን ምዕራብ አራት ሰዓት ያህል ቢነዳ ደግሞ ኢታስካ ይደረሳል። እ.ኤ.አ. በ1891 የተመሠረተው ይህ መናፈሻ የሚኒሶታ የመጀመሪያው ስቴት ፓርክ ነው። በውስጡ ከ200 ዓመት በላይ ያስቆጠሩ ቀያይ ጥዶች ቆመዋል። ከሁሉ በላይ ግን ሚሲሲፒ ወንዝ የሚነሣው ከዚህ ሐይቅ ነው። መርከብ የሚጭነው፣ አሜሪካን ከላይ እስከ ታች የሚያቋርጠው ወንዝ እዚህ ላይ ጉልበት የማይደርስ ምንጭ ሆኖ ሕፃናት በድንጋይ ላይ እየዘለሉ ይሻገሩታል። የግዮንን መነሻ ግሽ ዓባይን ያየ ሰው ምን ዓይነት መደነቅ እንደሆነ ይገባዋል።

ኦዛዊንዲብ የተባለ የኦጂብዌ መሪ እ.ኤ.አ. በ1832 ሄንሪ ስኩልክራፍትን መርቶ ወደዚህ አምጥቶታል። ስኩልክራፍትም በላቲን ቋንቋ “እውነት” እና “ራስ” የሚሉትን ሁለት ቃላት አጋጥሞ ከመካከላቸው “ኢታስካ” የሚለውን ስም አወጣ። እ.ኤ.አ. በ1903 የመናፈሻው ኃላፊ የነበረች ሜሪ ጊብስ የምትባል ወጣት ሴት ደግሞ እንጨት ቆራጮች ግንድ ለማንሳፈፍ ውሃውን ገድበው ዛፎቹን ሲያጠፉ ፊት ለፊት ተጋፍጣቸዋለች። ዛሬ ሰው የሚያርፍባቸው ጥዶች እንዲህ በሰው ድፍረት የተረፉ ናቸው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለመለያየት ቀን ቆርጠው የነበሩ ባልና ሚስት ወደ እኛ መጥተው ነበር። እርሱ ሌሊት ይሠራል፤ እርሷ ቀን። የጠቡ መነሻ ወደ ቤተ ሰብ የሚላከው ገንዘብ ነበር። ባለቤቴ “ከመወሰናችሁ በፊት አንድ ቀን ብቻ አብራችሁ ተጓዙ፤ ልጆቹን እኛ እንይዛለን” አላቸው። ኢታስካን መረጡ። በመንገድ ላይ ለሦስት ሰዓት ያህል አንድም ቃል አልተነጋገሩም። ከምንጩ ድንጋዮች ላይ ሲሻገሩ እርሷ ልትንሸራተት ስትል እጇን ያዛት። “ከስንት ጊዜ በኋላ እጄን ያዝኸኝ?” ስትለው መልስ አላገኘም። በኋላ እንደ ነገረችን፣ ወሬያቸው ከዚያች ጥያቄ ጀምሮ እስከ ማታ አልተቋረጠም።

ታምር ሆነ ብዬ አልጽፍም። የገንዘቡ ጉዳይ በአንድ ቀን አልተፈታም፤ ለመስማማት ወራት ፈጅቶባቸዋል። ነገር ግን የቅዳሜውን ሌሊት ፈረቃ ሊተው ወሰነ። እርሷም ያለ ምክር የምትልከውን ገንዘብ በጋራ መዝገብ እንዲጽፉት ተስማማች። የመለያየቱ ቀን አለፈ፤ ዛሬም አብረው ናቸው።

ከመነሣታችሁ በፊት

1. ጊዜ ምረጡ። ፏፏቴዎቹ የሚበረቱት በኤፕሪል መጨረሻና በሜይ፣ በረዶው ሲቀልጥ ነው። አገር ቤት አደይ አበባ በሚፈነዳበት በመስከረም ደግሞ የሰሜኑ ጫካ ቢጫና ቀይ ይለብሳል። በዚያን ወቅት ማደሪያ ስለሚጣበብ ቀደም ብላችሁ ያዙ።

2. ወጪውን አስሉ። ወደ ስቴት ፓርክ ለሚገባ መኪና የቀን ወይም የዓመት ፈቃድ ይገዛል። በዓመት ውስጥ አራት ቀን መግቢያው ነጻ ነው። ምግብ ከቤት ብትይዙ፣ እንደ ቆሎና ዳቦ ያለ ስንቅና በፔርሙዝ ሻይ ብትጨምሩ ወጪው የነዳጅ ብቻ ይሆናል።

3. ልብስና ጫማ። የቤተ ክርስቲያን ጫማ አይሆንም። የማያንሸራትት ጫማና ተደራቢ ልብስ ያዙ፤ በበጋም ቢሆን ከሐይቁ የሚነሣው ነፋስ ይበርዳል።

4. ከውሃውና ከገደሉ ተጠንቀቁ። የሱፒሪየር ውሃ በበጋም እጅግ ቀዝቃዛ ስለሆነ ዋናተኛውን እንኳ በደቂቃዎች ያደነዝዛል። ለፎቶ ብላችሁ ከአጥር አትለፉ፤ የሕፃናትን እጅ አትልቀቁ።

5. መዥገርና ድብ። የመዥገር ንክሻ ላይም የተባለውን በሽታ ሊያስተላልፍ ስለሚችል ረጅም ካልሲ አድርጉ፤ ማታ ሰውነታችሁንና ልጆቻችሁን ፈትሹ። ጥቁር ድብ በአብዛኛው ሰውን ይሸሻል፤ የሚስበው የምግብ ሽታ ነውና ምግብ በድንኳን ውስጥ አታሳድሩ።

6. ስልክና ካርታ። በብዙ ቦታ ኔትዎርክ ስለማይሠራ ካርታውን ቀድማችሁ ስልካችሁ ላይ አውርዱ። የምትሄዱበትንና የምትመለሱበትን ሰዓት ለአንድ ሰው ንገሩ።

7. ብቻችሁን መሆን ካስፈራችሁ ሁለት ሦስት ባለትዳሮች አብራችሁ ሂዱ። “እኛን የሚመስል ሰው ባናገኝስ?” የሚለው ስጋት የብዙዎች ነው፤ በቡድን ሲሆን ይቀላል። መንገዱ ላይ ስትደርሱ ግን ጥንድ ጥንድ ሆናችሁ ተራመዱ።

መንገድ ላይ ምን እናውራ?

የመጀመሪያውን ግማሽ ሰዓት ምንም ከባድ ነገር አታንሡ። ዛፉን፣ ውሃውን፣ ወፉን እያያችሁ ተራመዱ። ቀጥሎ አንዳችሁ ሌላውን “በዚህ ዓመት የከበደህ ምንድን ነው?”፣ “ያልነገርሽኝ ነገር አለ?” ብላችሁ ጠይቁ። የተጠየቀው ሲናገር የጠየቀው መልስ አያዘጋጅ፤ ይስማ። ቂም ለመቁጠር ሳይሆን ሸክም ለመካፈል እንደ ወጣችሁ አስታውሱ። ከመመለሳችሁ በፊት አንድ ነገር ብቻ ወስኑ፤ አሥር ነገር ወስኖ አንዱንም አለመፈጸም ያለ ነውና። ከዚያም እጅ ለእጅ ተያይዛችሁ አጭር ጸሎት ጸልዩ።

የተወደዳችሁ ባለትዳሮች ሆይ፣ አገር ቤት ያላችሁም እንጦጦ አለላችሁ፤ የመናገሻ ሱባ ጥንታዊ ጥዶች አሉላችሁ። ርቀቱ አይደለም ዋናው፤ አብሮ መራመዱ ነው። የሥራ ፈረቃችሁን የያዘውን ካሌንደር ዛሬ ማታ አውጡና ሁለታችሁም የምታርፉበትን አንድ ቀን ፈልጉ። ከሌለም በሚቀጥለው ወር አንድ ቀን አስፈቅዱ። ልጆቹን የሚይዝላችሁ ቤተ ሰብ ከጉባኤው መካከል አይጠፋም። ጌታ መውጫችሁንና መግቢያችሁን ይባርክ።